ሃያ ስድስት ቤት፣ ያው ጥያቄ

ሐሙስ ጠዋት ሳሌቫኦ መንደር ስደርስ ሹም ሙሊታሎ የጀልባ ማደሪያውን በሚስታቸው ሽርጥ ዙሪያውን አጥረው ጠበቁኝ። ሽርጡ ቢጫ ነው፤ ቀይ አበባ አለበት። በሁለቱም እጃቸው የዳቦ ላስቲክ አጥልቀዋል። በሌላ ላስቲክ ደግሞ አንድ የግራ እግር ሸበጥ ቋጥረው ይዘዋል።

“ማንንም አላስነካሁም” አሉኝ ደረታቸውን ነፍተው። “ቦታው እንዳለ ነው። በይ እንግዲህ የላቦራቶሪ ሰዎችሽን አስገቢ።”

ዞር ብዬ መኪናዬን አየሁ። ውስጡ ያለው ጥቂት ሙዝና አንድ የተነፈሰ ትርፍ ጎማ ነው።

“የላቦራቶሪው ሰው እኔ ነኝ” አልኳቸው። “አሻራ አንሺውም፣ ሾፌሩም፣ ጸሐፊውም እኔው ነኝ። ቤንዚን ሲያልቅ ገፊዋም እኔ ነኝ።”

“ቴሌቪዥን ላይ እኮ ስድስት ሆነው ነው የሚመጡት።”

“እነሱ ስድስት ሆነው ይመጡና በአርባ ደቂቃ ጨርሰው ይሄዳሉ። እኔ ብቻዬን መጥቼ እከርማለሁ። ምሳ ምንድን ነው?”

ሃምሳ አለቃ ታሊታ እባላለሁ። በዚህ ደሴት በምዕራቡ በኩል ሃያ ሦስት ዓመት በፖሊስነት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬን አውቃለሁ፣ አላፍርም ለማለት። የሹም ሙሊታሎ ቴሌቪዥን በመንደሩ ትልቁ ነው። ከማታ ጸሎት በኋላ ግማሹ መንደር እዚያ ይሰበሰብና ጥቁር መነጽር ያደረገ መርማሪ ሲሮጥ ያያል። እኔም አይቼዋለሁ። አንድም ቀን ሲጽፍ አላየሁትም። ሰው ቃል ሲሰጠው እጁን ኪሱ ከቶ ያዳምጣል፤ ከዚያ ዘሎ መኪናው ውስጥ ይገባል። እኔ እንዲያ ባደርግ ዳኛው ከነመዝገቤ ከችሎት ያስወጣኛል። ንዴቴ በመርማሪው አይደለም፤ እሱ እንጀራው ነው። ንዴቴ እሱን እያዩ በሰው ላይ በሚፈርዱት ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ።

የጠፋው የመንደሩ ጀልባ ሞተር ነው። ሃያ ስድስቱም ቤት ዓሣ የሚበላው ከዚያ ጀልባ ነው። ማክሰኞ ወደ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ለማታ ጸሎት የሚጠራው ትልቁ የባሕር ዛጎል ከመነፋቱ በፊት፣ አጥማጆቹ ሞተሩን በሰንሰለት ጀልባው ላይ አስረው ቆለፉትና ወደየቤታቸው ገቡ። ከጸሎት በኋላ አንዱ የረሳውን መረብ ሊወስድ ሲመጣ ሰንሰለቱ ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል፣ ሞተሩ የለም። ዛጎል ከተነፋ ደግሞ ማንም ከቤቱ አይወጣም። መኪና እንኳ ቢመጣ መንደሩ መግቢያ ላይ ቆሞ አሜን እስኪባል ይጠብቃል። መንገድ ላይ የሚቆሙት ጸሎቱን የሚያስከብሩ ጎረምሶች ብቻ ናቸው። የዚያን ቀን በጀልባ ማደሪያው በኩል ቆሞ የነበረው ማላኪ ነው።

ማላኪ ከደሴቱ ማዶ የመጣ፣ የሳሌቫኦዋን ሉሳን አግብቶ ሚስቱ አገር የገባ ሰው ነው። ሚስቱ አገር የገባ ወንድ እኛ ዘንድ ከኋላ ይቀመጣል፤ ምግብ ያቀርባል፤ ሲጠሩት ይሮጣል፤ አንገቱን ቀና አያደርግም። ረቡዕ ሸንጎው አስጠራው። “ሸበጥህ ጀልባው አጠገብ ተገኝቷል” ተባለ። ሹም ሙሊታሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት “ሞተሩን ወስደሃል ወይስ አልወሰድክም?” ሲሉት፣ መሬት መሬት እያየ “ይቅርታ አድርጉልኝ” አለ።

በቃ፣ አመነ ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት ሸንጎው ተቀምጦ ከመንደር ሊያስወጣው ነው፤ እሱን፣ ሉሳንና ሊወለድ ሦስት ሳምንት የቀረውን ልጅ። ቤቱ ይፈርሳል፣ የተከለው ጎደሬ ይነቀላል። እኔን የጠሩኝ ሌባ እንድፈልግላቸው አልነበረም። ያገኙትን ጭኜ እንድወስድላቸው ነው።

ማላኪን የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር አስቀመጥኩት። ፊቱ ላይ መብራት አላበራሁበትም፣ ጠረጴዛ አልደበደብኩም። ሙዝ ሰጠሁት።

“ሞተሩን ወስደሃል?”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።”

“ይቅርታውን ተወው። ወስደሃል?”

“እናንተ ካላችሁ።”

“ሰንሰለቱን በምን ቆረጥከው? በገጀራ?”

“በገጀራ።”

“ወይስ በድንጋይ ቀጥቅጠህ ነው?”

“አዎ፣ በድንጋይ።”

“ከዚያ ሞተሩን በፈረስ ጭነህ ሄድክ።”

ትንሽ አሰበ። “በፈረስ” አለ። ሳሌቫኦ ውስጥ አንድም ፈረስ የለም።

ሰንሰለቱን ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ በብረት መጋዝ ተገዝግዞ ነው የተቆረጠው። “ስማ ማላኪ፣ አንተ እኮ ልትወልድ ነው። ለምንድን ነው አልወሰድኩም የማትለው?”

“ሹም ሙሊታሎ በሰው ፊት ወስደሃል ካሉ፣ እኔ አልወሰድኩም ብል እሳቸውን ውሸታም ማለቴ አይደለም?” አለኝ። “የሉሳ አባት እዚያው ተቀምጠው ነበር። በኔ የተነሳ እንዲያፍሩ አልፈለግሁም።”

እሱን ብቻ አልወቅስም። እኔም አዛዤ ባላጠፋሁት ሲቆጣኝ መጀመሪያ ከአፌ የሚወጣው ይቅርታ ነው፤ እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው። ቴሌቪዥን ላይ ሰው ሲያምን ሙዚቃ ይመጣል፣ ታሪኩ ያልቃል። እኔ ዘንድ ሰው ሲያምን ገና ሥራ መጀመሩ ነው።

መጀመሪያ ከሸበጡ ጉዳይ ተገላገልኩ። በሸንጎው ቤት ደጃፍ ሽማግሌዎቹ አውልቀው የገቡት ሸበጥ ተደርድሯል፤ ሠላሳ ጥንድ ይሆናል፣ ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም ከአንድ ሱቅ። ሹም ሙሊታሎን “እስቲ የእርስዎን ያምጡልኝ” አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱ፣ መለሱ። ሌላ አነሱ። በመጨረሻ መርጠው ያጠለቁት የፓስተሩ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

“ይሁን” አሉ። “አሻራስ? ጀልባው ላይ ለምን አሻራ አታነሺም?”

“ጀልባው ላይ የአርባ አጥማጅ አሻራ አለ። የእርስዎም አለ። ሌባው የዚህ መንደር ልጅ ከሆነ አሻራው እዚያ መገኘቱ ምን ይነግረኛል?”

“ላቦራቶሪ ቢላክ…”

“ላቦራቶሪው ባሕር ማዶ ነው። መልሱ እስኪመጣ የማላኪ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል።”

ከዚያ ቤት ለቤት ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ቤት ተቀመጥኩ፣ በእያንዳንዱ ቤት ካካዎ ጠጣሁ፣ በእያንዳንዱ ቤት ያንኑ ጠየቅሁ። “ማክሰኞ ማታ ምን ዘመራችሁ? ማን ማን ነበረ? ጎረቤት ሲዘምርስ ምን ሰማችሁ?” መልሱን ጻፍኩ፣ አነበብኩላቸው፣ አስፈረምኳቸው። ሹም ሙሊታሎ ከኋላዬ እየተከተሉ ያጉረመርማሉ። ስድስተኛው ቤት ላይ አልቻሉም።

“ይሄ ምን ዓይነት ምርመራ ነው? እኛ ሌባ እንፈልጋለን፣ አንቺ መዝሙር ትለቅሚያለሽ።”

“ማንን አያችሁ ብላቸው ምን የሚሉኝ ይመስልዎታል?”

“ጸሎት ላይ ነበርን ይላሉ።”

“ይኸው ነዋ። ጸሎት ላይ የነበረ ሰው የሚያውቀው ጸሎቱን ነው።”

ስምንተኛው ቤት ላይ ሙቀቱም ካካዎውም በዛባቸውና ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ ቀጠልኩ። ቤቶቻችን ምሰሶ እንጂ ግድግዳ የላቸውም፤ አንዱ ቢያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይለዋል። ማታ ማታ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ስለሚዘምር፣ ሰው የጎረቤቱን ድምፅ እንደ ራሱ አውራ ዶሮ ይለየዋል። ስለ መዝሙር የሚዋሽ ደግሞ የለም፤ ቢዋሽ ቀጣዩ ቤት ያርመዋል።

ሐሙስ ሲመሽ አሥራ አራት ቤት ጨርሼ ነበር። መንገድ ዳር ካሉት ቤቶች አራቱ ማላኪን ቦታው ላይ ቆሞ እንዳዩት ነገሩኝ፤ አንዷ እንዲያውም ትንኝ ሲያባርር አይታዋለች። ታዲያ ረቡዕ ለምን አልተናገራችሁም ስላቸው፣ ማንም አልጠየቀንም አሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አይበቃም። አልፎ አልፎ ታየ ማለት በመሃል አልሄደም ማለት አይደለም፤ ሸንጎው ይህን ብቻ ይዤለት ብገባ አይሰማኝም።

ወደማድርበት ስሄድ ሉሳ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ በሌላው የተቀቀለ ጎደሬ ይዛ መጣች። ተቀመጠች፤ መቀመጥ ራሱ ጊዜ ፈጀባት።

“እትዬ ታሊታ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ” አለች። “ቅዳሜ ካስወጡን የት ነው የምወልደው? የሱ እናት የለችም። እኔ ከዚህ ውጭ ዘመድ የለኝም።”

“እዚሁ ነው የምትወልጂው።”

“ሌባውን አግኝተውታል?”

“አላገኘሁትም። ገና አሥራ ሁለት ቤት ይቀረኛል።”

ፖሊስ እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። እኔ ግን ገባሁ፤ አልተጸጸትኩምም። ስትሄድ እንዴት እንደምትራመድ አይቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሰባተኛው ቤት እማማ ሜሌ ጋ ደረስኩ። እማማ ሜሌ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ሠላሳ ዓመት የመሩ ሴት ናቸው። ለማንም አያዝኑም።

“እኛማ በደንብ ዘመርን” አሉ። “በስተግራ ያሉት ሁልጊዜ ይፈጥናሉ፤ እራቱ እንዳይቀዘቅዝባቸው ነው። ማዶ ያለው ሰውዬ ድምፁን የሚያሳምረው ለፈጣሪ ሳይሆን ለጎረቤቱ ሚስት ነው። ይህንንም ጻፊው።”

“ጻፍኩት። በስተቀኝስ?”

በስተቀኝ የሹም ሙሊታሎ ቤት ነው። እማማ ሜሌ ማራገቢያቸውን አቆሙ።

“ማክሰኞ ማታ የዚያ ቤት መዝሙር እግር አልነበረውም።”

“እግር ማለት?”

“ወፍራሙ ድምፅ ነዋ። መዝሙሩ በምን ይቆማል? ሴቶቹ ብቻ ከላይ ይንጫጫሉ። የሙሊታሎ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ኖረ አልኖረ ያው ነው። የሳኔሌ ግን አልነበረም።”

ሳኔሌ የሹም ሙሊታሎ የመጨረሻ ልጅ ነው። የመንገድ ጥበቃው ተራ የእሱ እንዳልነበረ ቀደም ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። “ታሞ ይሆናላ” አልኳቸው።

“ሰኞ ዘምሯል። ረቡዕም ዘምሯል። የማክሰኞ ብቻ በሽታ አለ እንዴ?”

ከሙሊታሎ ቤት ወዲያ ማዶ ወዳለው ጎረቤት፣ ወደ አናጢው ኮሊዮ ሄድኩ። ምንም ሳልጠቁመው ያንኑ ጠየቅሁት። “ሳኔሌ ጉንፋን ይዞት ነው መሰለኝ አልተሰማም” አለ። እሱም ፈረመ። ያ ባለመነጽሩ ቢሆን እዚህ ላይ እየሮጠ ይሄድ ነበር። እኔ የቀሩትን ሰባት ቤቶች ጨረስኩ፤ ምክንያቱም ዳኛው የሚጠይቀኝ ስላልጠየቅሁት ቤት ነው። ድምፅ የጎደለበት ሌላ ቤት የለም። የቀረኝ የሹሙ ቤት ብቻ ነው።

ዓርብ ማታ ለጸሎት እዚያ በእንግድነት ተቀመጥኩ። ሹም ሙሊታሎ “ነገሩ አለቀ?” አሉኝ፤ “ከአሜን በኋላ እንጨዋወታለን” አልኳቸው።

ዛጎሉ ተነፋ። ሹሙ መዝሙሩን አነሱ፤ እውነትም ቀጭን ነው። ሴቶቹ ተቀበሉ። ከዚያ የሳኔሌ ድምፅ ከሥር ገባ፤ የተደገፍኩት ምሰሶ ጀርባዬን ነዘረኝ። ይህን የመሰለ ድምፅ ያለው ልጅ እዚህ ነገር ውስጥ በመግባቱ ከልቤ አዘንኩ።

አሜን ተባለ። እራቱ ሳይቀርብ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ።

“የእርስዎ ቤት ብቻ ቀረኝ። ጥያቄው ያው ነው። ማክሰኞ ማታ ምን ዘመራችሁ?”

“ይህንኑ።”

“ማን ማን ነበረ?”

“ሁላችንም።”

“ወፍራሙን ድምፅ ማን ዘመረው?”

ፊታቸውን ሳየው ያኔውኑ ሰምተውት እንደነበር ገባኝ። መዝሙሩን የመሩት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ያለው ጉድለት በጆሯቸው ገብቷል፤ በማግስቱ ግን ሸበጥ አንስተው የሰው ልጅ ከሰሱ። ሁለት ጎረቤቶች የነገሩኝን ከማንም በፊት የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

“ሆዱን አሞት ነው ብዬ ነበር” አሉ በመጨረሻ፤ ለኔ ሳይሆን ለተቀመጡበት ሰሌን። ከዚያ ዞሩ። “ሳኔሌ፣ የት ነበርክ?”

ሳኔሌ አልሮጠም። ደሴት ላይ ወዴት ይሮጣል?

“ሞተሩ ከአሳማዎቹ በረት ጀርባ፣ የኮኮናት ልጣጩ ክምር ሥር ነው” አለ። “ኒውዚላንድ ፍሬ ለቀማ ልሂድ ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንኩህ፣ አባዬ። ሞተሩ ቢሸጥ ለመሳፈሪያዬ ይበቃኝ ነበር።”

“በምን ቆረጥከው?” አልኩት።

“በብረት መጋዝ፤ ማላኪ መንገዱን ሲጠብቅ በባሕሩ በኩል ገብቼ፣ መዝሙሩ ድምፁን ሸፍኖልኝ። መጋዙን ማድ ቤቱ ጣሪያ ውስጥ ሰክቼዋለሁ። ሁለት ጥርሱ ረግፏል።”

ሄጄ አወጣሁት። ሁለት ጥርስ ጎድሎታል። ልጣጩን ገለጥኩ፤ ሞተሩ አለ። ማመን ማለት ይሄ ነው፤ እኔ የማላውቀውን የሚነግረኝ።

“ማላኪ ሲከሰስ እዚያው ነበርክ?” አልኩት ስመለስ።

“ነበርኩ። አልወሰድኩም ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ሳይል ቀረ። ከዚያ… እኔም ሳልል ቀረሁ።”

ካቴና አላወጣሁም። የካቴናዬ ቁልፍ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ቃሉን እንደ ሌላው ሰው ጻፍኩ፣ አነበብኩለት፣ ፈረመ። ስነሳ ሹም ሙሊታሎ እጄን ያዙኝ። ላስቲክ ያላጠለቀው እጃቸው ቀዝቅዟል።

“እስኪነጋ ስጪኝ” አሉኝ። “ልጁንም እኔንም።”

ምን እንዳሰቡ ገባኝ። ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሹም ሙሊታሎ በሉሳ ወላጆች ጓሮ ባለችው የማላኪ ደሳሳ ቤት ፊት ተንበረከኩ። ሳኔሌ ከኋላቸው ተንበረከከ። ሚስታቸው የክብሩን ሰሌን አምጥተው ከላያቸው ደረቡባቸው፤ ለቀብራቸው የተቀመጠው ያ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ የእናታቸው እጅ ሥራ ነው። የተበደለው ሰው መጥቶ ሰሌኑን ካነሳ ታረቁ ማለት ነው። እስኪያነሳው እዚያው ናቸው። ሹም ሚስቱ አገር ለገባ ሰው ሲንበረከክ በሃያ ሦስት ዓመቴ አይቼ አላውቅም። መንደሩ ሁሉ ተነስቶ ከየምሰሶው ሥር ያያል። ለዚህ የሚሆን ቅጽ መዝገቤ ውስጥ ስለሌለ ደብተሬን ዘግቼ ቆምኩ።

ማላኪ ወጣ። ሉሳ ደጃፉን ይዛ ከኋላው ቆመች። አባቷ ጠጋ ብለው “ቶሎ አንሳላቸው፣ ልጄ፣ ነውር ነው” አሉት።

“እሺ” አለና ሄዶ እጁን ዘረጋ። ይኸው ደግሞ እሺ፣ አልኩ በሆዴ። እጁ የሰሌኑ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። መለሰው።

“አይ” አለ።

ያን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው በመንደሩ አልነበረም። አማቹ እንኳ ደንግጠው ቀና አሉ።

“መጀመሪያ ይጠይቁኝ” አለ ማላኪ። ድምፁ ለመንደሩ ሁሉ ይሰማል። “ረቡዕ የጠየቁኝን፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ አሁን ይጠይቁኝ።”

ከሰሌኑ ሥር ያ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

“ማላኪ፣ ሞተሩን ወስደሃል ወይስ አልወሰድክም?”

“አልወሰድኩም” አለና ሰሌኑን አነሳላቸው።

ደብተሬን ከፈትኩና ጻፍኩት፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ጨምሬ።